ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የአረጋውያን ማገገምና ተሐድሶ

ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግ ከሚያስገድዱ ምክንያቶች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው የአከርካሪ ቦይ መጥበብ ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኙት ዲስኮች ይደርቃሉ፣ ቁመታቸውም ይቀንሳል፤ የኋላ መገጣጠሚያዎች ይፋፋሉ፤ ቦዩን ከውስጥ የሚሸፍነው ጅማትም ይወፍራል። በዚህ ሳቢያ ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች የሚያልፉበት ቦታ ይጠብባል። ሕመሙ ያለበት ሰው ጥቂት እንደተራመደ እግሮቹ ይዝላሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ያቃጥሉታል፤ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲል ወይም ምርኩዙን ተደግፎ ጎንበስ ሲል ግን ፋታ ያገኛል። ጎንበስ ማለት ቦዩን በመጠኑ ስለሚያሰፋው ነው። አቀበት ከቁልቁለት ይልቅ የሚቀልለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙ አረጋውያን ይህን ሕመም «የእርጅና ነው» ብለው ለረጅም ጊዜ ይታገሡታል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር በመጨመሩ፣ ቀድሞ ተስፋ ቆርጠው ይቀመጡ የነበሩ ሕሙማን የቀዶ ሕክምና ዕድል ማግኘት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው በከተማ ሆስፒታል ቢከናወንም ማገገሙ የሚካሄደው በታካሚው ቤትና በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው ነው፤ አረጋዊውን ከቀዶ ሕክምናው ቁስል ይልቅ አብዝቶ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ የሚከተለው ረጅም መኝታ መሆኑን ማሳየትና የጤና ባለሙያው ይህን ለመከላከል ሊያደርግ የሚችለውን ማመልከት።

ቀዶ ሕክምናው የሚሰጠውና የማይሰጠው

ላሚኔክቶሚ በመባል የሚታወቀው ቀዶ ሕክምና ነርቮቹን የተጫነውን አጥንትና ጅማት በማንሣት ቦዩን ያሰፋል። ውጤቱ በአንድ ጊዜ የሚታይ አይደለም። በአብዛኛው አስቀድሞ የሚሻለው ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ሲሆን፣ ይህም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። መደንዘዙ ግን ወራት ይፈጃል። ለዓመታት የቆየ የእግር መድከም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የወገቡ ሕመም ደግሞ ያረጁት መገጣጠሚያዎች በቦታቸው ስለሚቆዩ የእግሩን ያህል አይሻልም። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ በሦስተኛው ሳምንት ውስጥ እግሩ አሁንም እንደደነዘዘ ያስተዋለ ታካሚ «ኦፕራሲዮኑ አልሠራም» ብሎ ይደመድምና ተመልሶ ይተኛል። ስለሆነም የተሐድሶ ሕክምና የሚጀምረው ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት በሚደረግ ግልጽ ውይይት ነው።

ከላሚኔክቶሚ በተጨማሪ አጥንቶቹን በብሎንና በዘንግ ማያያዝ፣ ማለትም ፊውዥን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የስዊድን ጥናት በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ የቦይ መጥበብ ባላቸው ሕሙማን ላይ ፊውዥን መጨመሩ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ አሳይቷል፤ የቀዶ ሕክምናውን ጊዜ፣ የሚፈሰውን ደምና የሆስፒታል ቆይታውን ግን ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከኖርዌይ የወጣው ጥናትም የአከርካሪ አጥንት መንሸራተት ያለባቸውን ሕሙማን በተመለከተ ወደዚያው ያመዘነ ነው። አከርካሪው በግልጽ ያልጸና ወይም የተጣመመ ሲሆን ግን ፊውዥን ቦታውን አያጣም።

ልዩነቱን ማወቅ ለጤና ጣቢያ ባለሙያም ይጠቅማል፤ የሚሰጠው ምክር በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነውና። ቦዩ ብቻ የሰፋለት ታካሚ የሚጠብቀው የቆዳና የጡንቻ ቁስል እስኪድን ነው። ፊውዥን የተደረገለት ግን አጥንት ከአጥንት ጋር እስኪያያዝ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ይኖርበታል፤ አጥንቱ የሳሳበት ወይም የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። በሁለቱም ሁኔታ መራመድ አይከለከልም።

መነሣት

የጀርባ ሕመም ያለበትን ሰው አስተኝቶ ማቆየት በሕክምናው ዓለም ራሱ እንደ ትክክለኛ ሕክምና ይቆጠር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬም «አይንቀሳቀሱ፣ ብሎኑ ይነቃነቃል» የሚል ምክር ከሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ከባለሙያም አንደበት ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት በወጣ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 ዓመት የሆነ ጤነኛ ፈቃደኞች ለአሥር ቀናት ያህል ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ ከእግራቸው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ጡንቻ አጥተዋል። እነዚህ ቁስል፣ ሕመምና የምግብ ፍላጎት ማጣት የሌለባቸው ሰዎች ነበሩ። ከቀዶ ሕክምና በፊትም በሕመሙ ምክንያት ለዓመታት በቅጡ ሳይራመድ የኖረ አረጋዊ ያለው የጡንቻ ስንቅ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። መኝታው በእግር ሥር ደም መርጋትን፣ የሳንባ ምችን፣ የአልጋ ቁስልንና የሆድ ድርቀትን ሲያስከትል መታየቱ ለክፍል ነርሶች እንግዳ አይደለም።

ቀዶ ሐኪሙ በተለየ ምክንያት ካልከለከለ በቀር፣ ለምሳሌ የነርቭ ሽፋኑ ተቀዶ ፈሳሽ ካላፈሰሰ፣ ታካሚው በዚያው ዕለት ማምሻውን ወይም በማግስቱ ጠዋት መነሣት ይኖርበታል። አነሣሡ ግን ሥርዓት አለው። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቶቹን ያጥፋል፤ ትከሻውንና ዳሌውን በአንድነት፣ እንደ ግንድ፣ ወደ ጎን ያዞራል፤ እግሮቹን ከአልጋው ጠርዝ ያወርዳል፤ በዚያው ቅጽበት በክርኑና በመዳፉ እየገፋ ይቀመጣል። ወገቡን ጠምዝዞ ወይም አስታማሚው ሁለት እጆቹን ጎትቶ እንዲነሣ መደረግ የለበትም። እንደተቀመጠ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፤ የደም ግፊቱ ይለካ። ሲቆም የላይኛው የደም ግፊት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደና ካዞረው፣ ፈሳሽ ማነሱን፣ ደም መፍሰሱን እንዲሁም ቀድሞ ይወስደው የነበረው የደም ግፊት መድኃኒት ሳይስተካከል መቀጠሉን መመርመር ይገባል። ከዚያም በዎከር ወይም በሰው ድጋፍ ጥቂት እርምጃ ይሂድ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ክፍሉ በር፣ በሁለተኛው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ መድረስ ለብዙዎች በቂ ግብ ነው።

በሌሊት የሚመጣ መደናገር

በዚህ ዕድሜ ክልል ከሚያጋጥሙት ውስብስብ ችግሮች መካከል በድንገት የሚመጣ የአእምሮ መደናገር፣ ማለትም ዲሊሪየም፣ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ነው። ቀን በደህና ሲጫወቱ የነበሩ እናት ሌሊት ላይ ልጃቸውን ይስታሉ፤ ግሉኮስ የተያያዘበትን ቱቦ ይነቅላሉ፤ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ነገሩን የማደንዘዣው ጉዳት ወይም የመንፈስ ሥራ አድርጎ ሊወስደውም ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ጸጥተኛው ዓይነት ነው። ታካሚው አይጮኽም፣ አይረብሽም፤ ዝም ብሎ ያንቀላፋል፣ ምግብ አይቀበልም፣ ጥያቄ አይመልስም። ሥራ በበዛበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለው ታካሚ «ደህና አደረ» ተብሎ ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው መለያ ዘዴ አራት ነገሮችን ይመለከታል፤ ለውጡ በድንገት መምጣቱንና ከፍ ዝቅ ማለቱን፣ ትኩረት ማጣትን፣ የተዘበራረቀ አስተሳሰብን፣ የንቃት መጠን መለወጥን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኖረው ከቀሪዎቹ አንዱ ከተጨመረ ዲሊሪየም ነው ይባላል። ትኩረትን ለመመርመር የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምሮ ወደ ኋላ ማስቆጠር በቂ ነው፤ ላልተማሩትም ይሆናል። የተወለዱበትን ዓመት ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑን መጠየቅ ግን ፈተናውን ዋጋ ያሳጣዋል። በገጠር ላደጉ አረጋዊ «አሁን የትኛው ጾም ላይ ነን? ገበያው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዲሊሪየም ከታየ መንስኤውን ፍለጋ ከመድኃኒት ይቀድማል። ሽንት ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ደርቆ፣ ሕመም ሳይታገሥ ቀርቶ፣ ኢንፌክሽን ጀምሮ፣ ኦክስጅን ወይም ሶዲየም ወርዶ ሊሆንም ይችላል። ዘወትር አረቄ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ማቆሙም ሊረሳ አይገባም። ፔቲዲን፣ ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን በአረጋውያን ላይ መደናገርን እንደሚያመጡ የታወቀ ነው። «እንዲተኙ» ተብሎ የሚሰጠው ዲያዜፓም ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እንቅልፉን ሳይሆን ልቡናውን ነው።

መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ የውስጥ ደዌ ሕሙማን ላይ በተካሄደ ጥናት፣ ሕሙማኑን በማጫወትና በማነጋገር፣ በማራመድ፣ ውሃ በማጠጣት፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ በማቅረብ እንዲሁም የሌሊት እንቅልፋቸውን በመጠበቅ ብቻ የዲሊሪየም መጠን ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህን ሥራ በከፊል ያከናወኑት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በእኛ ሆስፒታሎች አስታማሚ ከአልጋው አጠገብ አይለይም። የሚጎድለው አስታማሚው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ የሚነግረው ባለሙያ ነው።

ሕመም፣ ሽንት፣ ሆድ

ሕመሙ ካልታገሠ ታካሚው አይነሣም፤ መድኃኒቱ ከበዛም አይነሣም። ፓራሲታሞል ሲያመው ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ ቢሰጥ ይመረጣል፤ አቅመ ደካማ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ አረጋዊ በቀን ከ3 ግራም ባያልፍ መልካም ነው። ትራማዶል ካስፈለገ በዝቅተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ይሁን፤ ማቅለሽለሽን፣ ማዞርንና የሆድ ድርቀትን ያመጣልና ከሆድ ማለስለሻ ጋር ይሰጥ። ዳይክሎፌናክ ከሱቅ እንደ ከረሜላ የሚገዛ ቢሆንም በዚህ ዕድሜ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ አደጋው ድርብ ነው። የሽንት ካቴተር ሳያስፈልግ መቆየት የለበትም፤ በማግስቱ ጠዋት ይወጣ፤ ከወጣ በኋላም መሽናቱ ይረጋገጥ።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ተሐድሶው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ቤት ለወገብ ሕሙም የተሠራ አይደለም። መደቡ ዝቅ ያለ ነው፤ ዱካውና በርጩማው ጉልበትን ከዳሌ በላይ ያደርጋሉ፤ መፀዳጃው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ውሃው በጄሪካን ይመጣል። ስለሆነም ታካሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ምን እንደሚመስል መጠየቅ የምክሩ አካል ሊሆን ይገባል።

ሲቀመጡ እግር መሬት የሚነካበትና ጉልበት ከዳሌ የማይበልጥበት አልጋና ወንበር ያስፈልጋል። ፍራሽ መሬት ላይ ከሆነ ከሥሩ ከፍ የሚያደርግ ነገር ይፈለግ። ለመፀዳጃ ተራ የእንጨት ወንበር መቀመጫውን መካከሉን በስቶ ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ማንኛውም የሰፈር አናጢ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ከጎኑ የሚጨበጥ ቋሚ ቢተከል ይበልጥ ይረዳል። ሌሊት ለሽንት የሚነሡ ከሆነ ባትሪ ከትራስ አጠገብ ይሁን፤ መተላለፊያውም ከሚያደናቅፍ ነገር ይጽዳ። በዚህ ዕድሜ አንድ ውድቀት የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል።

ሸክምን በተመለከተ፣ ልዩ ትእዛዝ ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ሁለት የአንድ ሊትር ተኩል የውሃ ጠርሙሶች ከሚመዝኑት በላይ ባይነሣ ይመረጣል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያላነሰ ነው። ለእናቶች ይህን መንገር ብቻ አይበቃም፤ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፣ እንጀራውን ማን እንደሚጋግር፣ የልጅ ልጆቹን ማን እንደሚያዝል ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ካልሆነ ምክሩን «እሺ» ብለው ተቀብለው በሦስተኛው ቀን ጓዳ ይገባሉ።

ከዚህ በተቃራኒው የሚታየውም ከባድ ነው። ልጆች ለወላጃቸው ካላቸው ፍቅርና አክብሮት የተነሣ «አባባ፣ አይነሡ፤ እኛ እያለን» በማለት ምግቡን አልጋው ድረስ ያቀርባሉ፣ ፖፖ ያመጣሉ፣ ያጥባሉ። ጠያቂ ይበዛል፤ ለጠያቂም ተኝቶ መገኘት የሕሙም ወግ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በቀጠሮው ቀን ቁስሉ የዳነ፣ ራጁ ያማረ፣ መቆም ግን ያቃተው ሰው ይመጣል። ቤተሰቡን መውቀስ አይረዳም። የሚረዳው ለፍቅሩ ሌላ ሥራ መስጠት ነው፤ አንዱ ልጅ ጠዋት፣ ሌላው ማታ አባቱን ይዞ እስከ ደጅ፣ ቀጥሎም እስከ ጎረቤት እንዲራመድ፤ ቡናው ከአልጋው ራቅ ብሎ ወንበር ባለበት እንዲፈላ፤ ጠያቂም ቁጭ ብለው ሳሉ እንዲያገኛቸው።

ለብዙ አረጋውያን የመዳን መለኪያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መመለስ ነው። ይህ ለባለሙያው ጥሩ መሣሪያ ነው። መቋሚያ ተደግፎ መቆም የሚከለከል አይደለም፤ ሳይቀመጡ ለሰዓታት መቆም ግን በመጀመሪያ አይመከርም። ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደት ይዘግይ፤ በአንገት ዝቅ ማለት ይተካዋል። ሶላትም በወንበር ተቀምጦ በምልክት ይሰገዳል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙም ፈቃድ ስላላቸው፣ የንስሐ አባት ወይም ኢማም ቢያረጋግጡላቸው ከባለሙያው ቃል ይልቅ ይሰማል። ጠበል መጠመቅ የሚፈልጉ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እንዲታገሡ፣ ወጌሻም ወገባቸውን እንዳያሽ በትሕትና ማስረዳት ይገባል።

እንቅስቃሴና ምግብ

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ለቦይ መጥበብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ንቁ የተሐድሶ ሕክምና ከተለመደው ክትትል ይልቅ የአካል ብቃትን እንደሚያሻሽል አመልክቷል። ችግሩ ባለሙያው መራቁ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከጀመረ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም አብዛኞቹ የሚገኙት በከተማ ሆስፒታሎች ነው። ስለዚህ ያለ መሣሪያ ሊሠራ የሚችለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

መሠረቱ እርምጃ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ያህል በመራመድ ተጀምሮ በየጥቂት ቀናቱ ጊዜው ይረዝማል። ከዚያ ቀጥሎ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፣ ተኝቶ ሆድን በቀስታ ወደ ውስጥ መሳብ ይጨመራል። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ከፍ ማድረግን የመሰሉ የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎች ይከተላሉ። ልኩ ቀላል ነው፤ ማታ ያመመው በማግስቱ ጠዋት ከተወው ይቀጥል፤ ካልተወው ወደ ቀድሞው መጠን ይመለስ። መቀነቻ ወይም የወገብ ቀበቶ ቀዶ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር በራስ ተነሣሽነት መጠቀም ጡንቻውን ሥራ ፈት ያደርገዋል።

መሻሻሉን ለመለካት ሰዓትና ወንበር ይበቃል። ታካሚው ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀበት የመውደቅ ሥጋት አለበት። በየቀጠሮው መዝግቦ ቁጥሩን ለታካሚው መንገር ከብዙ ማበረታቻ ቃል ይበልጣል።

በማገገም ላይ ያለ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ በሚጾምበት ወቅት ይህን መሙላት ያስቸግራል። መጾሙን የማይተው ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር በየማዕዱ ይብዛ፤ በሶ ይጨመር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ግን ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲቀር ይመከር።

ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚያስልኩ ምልክቶች

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት አዲስ የእግር መድከም፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መቋጠር ወይም ሳይታወቅ መፍሰስ ከታየ በነርቮቹ ላይ ደም ተጠራቅሞ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል የሰዓታት መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። ሲቀመጡ የሚጀምርና ሲተኙ የሚተው ራስ ምታት፣ በተለይ ከቁስሉ ጥርት ያለ ፈሳሽ ጋር ከመጣ፣ የነርቭ ሽፋን መቀደድን ያሳያል። ኢንፌክሽን ግን ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ማለት ይቀናዋል። አረጋውያን ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉና፣ እየተሻለው የነበረ የወገብ ሕመም መልሶ መባባሱ ብቻውን በቂ ጥርጣሬ ነው፤ ከአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ጋር ያለው መመሳሰልም በአገራችን ሁኔታ መዘንጋት የለበትም። የአንድ እግር ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት የረጋ ደም ምልክቶች ናቸው።

እነዚህን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ሳይሆን ስፌት ሊያወጣ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ታካሚውን የሚቀበለው የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታሉ የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት የበሽታውን ስም ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። ቦዩ ብቻ ሰፍቶ እንደሆነ ወይም ብሎን ገብቶ እንደሆነ፣ በየትኛው የአከርካሪ ደረጃ እንደተሠራ፣ ሲወጣ የእግሩ ጉልበት ምን ያህል እንደነበረ፣ የተከለከለው ነገር ምን እንደሆነና ክልከላው በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ፣ የሚደወልበትም ስልክ ቁጥር ይጻፍበት። ማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት ክልከላ በቤተሰቡ ዘንድ የዕድሜ ልክ ሆኖ ይቀራል።